«ታች» የሚባለው የት ነው?

«ፈሳሽ የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል» ብለን እናስተምራለን። ደግ ነው። ነገር ግን ከዕቃው ሥር የሚረጋው ለምን እንደሆነ ስንቶቻችን እንናገራለን? እኔ ራሴ በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ አንድ ተማሪ «ጠፈር ላይ የሮኬት ነዳጅ የት ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «እዚያ ስበት የለም፣ ይንሳፈፋል» ብዬ አለፍኩት። ተሳስቼ ነበር።

ስበትማ አለ። 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እንኳ የመሬት ስበት እዚህ ካለው 90 በመቶ ያህላል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ መሬትን የሚዞር ሮኬት ሳያቋርጥ እየወደቀ ነው፤ ነዳጁም አብሮት እኩል ይወድቃል። ስለዚህ የቋቱን ወለል አይጫነውም፣ «ታች» የሚባል ነገር ይጠፋል። ያን ጊዜ እዚህ በክብደት ተሸፍኖ የማይታየው የገጽ ውጥረት አለቃ ይሆናል። ፈሳሹ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ጋዙ መካከሉን ይይዛል። በመሳቢያው አፍ ላይ በነዳጅ ፈንታ ጋዝ ከተገኘ ታዲያ ሞተሩ እንዴት ይነሣ?

ይህ እኮ የወረቀት ላይ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1964 የአሜሪካኑ «ሴንቶር» ሮኬት በሙከራ በረራ ላይ ነዳጁ ከቦታው ሸሽቶበት ሞተሩን ዳግመኛ ማስነሣት አቃተው። በጁላይ 1966 ደግሞ መሐንዲሶቹ በአንድ «ሳተርን» ሮኬት የሃይድሮጅን ቋት ውስጥ የቴሌቪዥን ካሜራ አስገብተው ላኩና የፈሳሹን ጠባይ በዓይናቸው አዩ። ኋላ ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው የሳተርን 5 ሦስተኛ ክፍል፣ ዋናው ሞተር እንደገና ከመነሣቱ በፊት በትንንሽ ሞተሮች ወደ ፊት ገፋ ይደረግ ነበር። አውቶቡስ ድንገት ሲነሣ ቆመን የምንሄደው ወደ ኋላ እንደምንለው ሁሉ ነዳጁም ወደ ኋላ፣ ወደ መሳቢያው ይሰበሰባል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የሮኬት ወሬ ምን ይሠራል?» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የጣሳ ሥር በምስማር ብሱ፣ ውኃ ሙሉበትና ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ ውኃው በቀዳዳው ይወርዳል። አሁን ልቀቁት። መሬት እስኪነካ ድረስ ከቀዳዳው ውኃ አይወጣም! ጣሳውም ውኃውም እኩል እየወደቁ ነዋ። ከሮኬቱ ቋት ጋር ያለው ልዩነት የጊዜ ርዝመት ብቻ ነው።

ልምምዱ ስላለቀ ያንን ተማሪ ዳግመኛ አላገኘሁትም። ዘንድሮ ወደዚያ የሚሄድ እጩ መምህር ካለ ጣሳና ምስማር ይያዝልኝ።