ጥቁሩ መስኮት ለምን ይሰወራል?

በቀደም ዕለት አንድ ወጣት፥ ቀን በጽሕፈት ቤት እየሠራ ማታ የሚማር፥ ፊቱ ጠቁሮ መጣና «ፕሮግራሜ አይሠራም» አለኝ። በፓይተን ቋንቋ ሦስት ሌሊት ደክሞ የጻፈው የደመወዝ ማስሊያ ነው። «ሁለት ጊዜ ጠቅ ሳደርገው ጥቁር መስኮት ብልጭ ይልና ይጠፋል። ዛሬ ማታ ደምስሼ እንደገና ልጽፈው ነው» ቢለኝ፥ «ተው፥ እንዳትነካው!» አልሁት።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ እርስዎም ፕሮግራም መጻፍ የጀመሩ እንደሆነ ይህ ነገር ሳይገጥምዎ አይቀርም። ጽሑፍ ብቻ የሚያወጣ ፕሮግራም የራሱ መስኮት የለውም። ፋይሉን ጠቅ ሲያደርጉት ዊንዶውስ ኮንሶል የሚባለውን መስኮት ይከፍትለታል፤ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ግን በመስኮቱ የሚጠቀም ሌላ የለምና መስኮቱም አብሮት ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዓይን ሳይርገበገብ ነው። ስለዚህ የመስኮቱ መሰወር የስሕተት ምልክት አይደለም፤ ሥራውን በደኅና የጨረሰውም፥ መንገድ ላይ የተሰናከለውም ሲታዩ አንድ ናቸው። ክፋቱ፥ የስሕተቱ ማስታወቂያ የሚጻፈው በዚያው መስኮት ላይ መሆኑ ነው።

አንዳንዶች በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ቁልፍ እስኪጫን የሚያስጠብቅ መስመር ይጨምራሉ። እኔ አልወደውም፤ መካከል ላይ የወደቀ ፕሮግራም እስከዚያ መስመር አይደርስምና። የሚሻለው መስኮቱን አስቀድሞ መክፈት ነው። በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ ሲ፥ ኤም፥ ዲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ይጻፉና መስኮቱን ይክፈቱ፤ በሲዲ ትእዛዝ ፋይሉ ወዳለበት ፎልደር ይሂዱ፤ ከዚያ ፓይ ብለው የፋይሉን ስም ያስከትሉ። አሁን የመስኮቱ ባለቤት ትእዛዝ ተቀባዩ ስለሆነ፥ ፕሮግራሙ ቢሄድም ጽሑፉ ይቀራል።

በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የሚጽፉ ደግሞ ውጤቱን ከታች ባለው ጠባብ ሰሌዳ ላይ ያዩታል። ለአጭር ነገር ይበቃል፤ ውጤቱ ሲረዝም ግን ላውንች በሚባለው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ኮንሶል ለሚለው ቃል ኤክስተርናል ተርሚናል የሚለውን ቢሰጡት ለብቻው መስኮት ይወጣል።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። እንዳልኩት ቢያደርግ ፓይተን የተሰናከለበትን መስመር ቁጥር ቈጥሮ፥ የዝርዝሩን ፋይል እንዳላገኘ ነገረው። በፋይሉ ስም አንድ ፊደል ጐድሎ ኖሯል! ሦስት ሌሊት ለመደምሰስ የተነሣው ለዚህ ነው። ፊደሉን ቢጨምር ደመወዙ ወጣ፤ የሠራተኞቹ ስም ግን በአማርኛ ስለሆነ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆኖ ተደረደረ። «ይኸስ?» አለኝ ደንግጦ። ይኸስ የፕሮግራሙ ጥፋት አይደለም፤ የአሮጌው ኮንሶል የፊደል ቅርጽ ግዕዝን አያውቅም። ማይክሮሶፍት በ2020 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የተሟላ እትም ያወጣው ዊንዶውስ ተርሚናል ግን ያውቃል፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። አውርዶ ያንኑ ትእዛዝ ቢጽፍበት ስሞቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባቸው ጀመር።