የመጋዘኑ ጓሮ እስከ ትልቁ እድሳት አይቆይ

በየወረዳው ያሉትን የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስንጎበኝ በመጀመሪያ የሚያጋጥመን የተጠረገ የፊት ግቢና የማኅበሩ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ነው። ወደ መጋዘኑ ጀርባ ዞር ሲባል ግን የዛገ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ጣውላ፣ የበቀለ ሳማና ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ይታያል። ስለዚሁ ጓሮ የተጠየቀ የአመራር አባል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ መጋዘኑ ሲታደስ አብሮ ይስተካከላል የሚል ነው። የልማት ሠራተኛውም ይህንኑ ተቀብሎ በሪፖርቱ ላይ ያሰፍረዋል።

በእኔ አስተያየት ይህ መልስ ብዙ ጉዳት አድርሷል። የመጋዘን እድሳት በሲሚንቶና በቆርቆሮ ዋጋ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔና በብድር መገኘት ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ አንድ ዓመት የተባለው ሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል። ጓሮው ግን አንድም ቀን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አባላት እህል ያሰጡበታል፣ ማዳበሪያ የሚረከቡ ገበሬዎች ተራ ይጠብቁበታል፣ በገበያ ቀን እናቶች ቡና ያፈሉበታል። ስለዚህ የተዘነጋ ጓሮ ማለት የማንጠቀምበት ጓሮ ሳይሆን በየዕለቱ እየተጎዳን የምንጠቀምበት ጓሮ ነው።

የጉዳቱን መጠን ለመረዳት ስጡን ብቻ ማየት ይበቃል። በቆሎ ለረጅም ጊዜ እንዲቀመጥ የርጥበት መጠኑ ወደ 13 በመቶ ግድም መውረድ አለበት። እርጥብ አፈር ላይ የተሰጣ በቆሎ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከሥር ርጥበት ይስባል፤ ከዚያም በጆንያ ተሞልቶ ሲከማች ሻጋታ ይይዘዋል። ከሻጋታዎቹ አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ በዐይን አይታይም፣ በማብሰልም አይጠፋም። ሰውን ጉበቱን ይጎዳል፤ የተበከለውን መኖ የበላች ላምም በወተቷ ታሳልፈዋለች። እንግዲህ ስጡ የሚሰጣበት መሬት ጉዳይ ከሲሚንቶ ዋጋ ጋር ታስሮ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የደጋ ወረዳ ከሚገኝ ማኅበር ጋር የሠራሁትን እዚህ ላይ ልግለጽ። ማኅበሩ የመጋዘኑን እድሳት በጉባኤ ካጸደቀ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በዚህ መካከል የሲሚንቶ ዋጋ ስለ ናረ የተመደበው ገንዘብ የግማሹን ሥራ እንኳ የማይሸፍን ሆነ። በስብሰባው ላይ ሊቀ መንበሩ እድሳቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ ሲሉ አንዲት አባል ተነሥተው፣ እስከዚያ ስጡን የት እናስጣው ብለው ጠየቁ። ሥራው የተጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የተደረገው ጽዳት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የቆርቆሮ ክምር ሲነሣ እባብና ጊንጥ ሊኖር ስለሚችል እጅን ማስገባት ትቶ በረጅም እንጨት መገልበጥ ይገባል። አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላሳስብ። በማኅበራት ጓሮ ውስጥ አሮጌ የፀረ ተባይ ዕቃዎች ይገኛሉ። እነዚህን ማቃጠል፣ መቅበር ወይም አጥቦ ውሃ መቅጃ ማድረግ ክልክል ነው። ለይቶ፣ ዝናብና ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ቆልፎ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሀገራችን በየመጋዘኑ ተከማችቶ የቆየ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ወደ ውጭ ሀገር እየላከች በከፍተኛ ወጪ እስከ ማስወገድ የደረሰችው በየጓዳው ይቆይ እየተባለ ስለ ተተወ ነው።

ከጽዳቱ ቀጥሎ የሠራሁት ስሕተት ነው። አባላቱ ጉጉት ስለ ነበራቸው፣ እኔም ውጤቱን ቶሎ ለማየት ስለ ቸኮልኩ፣ በግንቦት ወር ድንጋዩን አነጠፍን። ያማረ ንጣፍ ሆነ። ሐምሌ ሲገባ ከጣራው ክፈፍ የሚወርደው ውሃ ንጣፉን በአንድ መሥመር ሰርስሮ ከሥሩ ያለውን ጠጠር ጠረገው፤ ድንጋዮቹም በየቦታው ሰመጡ። የአባላቱ ጉልበት በከንቱ የፈሰሰው በእኔ ምክር ነው። ከውሃው መጀመር ነበረብን።

ነገሩ በስሌት ሲታይ ግልጽ ነው። መጋዘኑ 10 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት አለው እንበል። ጣራው ወደ ሁለት ወገን የሚያፈስ ከሆነ ወደ ጓሮው የሚያፈሰው ወገን 30 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከዚህ ወገን ብቻ 900 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ ይህም አራት በርሜል ተኩል ማለት ነው። ይህን የሚያህል ውሃ በአንድ ቀጭን መሥመር ላይ እየወረደ ሳለ ሌላ ሥራ መሥራት አይቻልም።

ስለዚህ በቀጣዩ በጋ እንደ አዲስ ጀመርን። አሸንዳ ለመግዛት ዐቅም ስላልነበረ ከክፈፉ ሥር ውሃው የሚያርፍበትን መሥመር ተከትለን 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋና 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ቆፍረን ወለሉን በድንጋይ ሞላነው። ቦዩ ወደ ዝቅተኛው ጥግ ያዘነብላል። መውጫው ወደ ጎረቤት ግቢ ወይም ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የጎረቤት ጠብ ከእድሳት ወጪ ይበልጣል። በመውጫው አፍ ላይ ቬቲቨር የተባለውን ሣር ተከልን። ይህ ሣር ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ አፈር ይይዛል፣ ወደ ጎን ተስፋፍቶ ማሳ አይወርም፤ ቅጠሉም ታጭዶ ለጉዝጓዝ ይሆናል።

በኋላ አሸንዳ ገዝቶ ውሃውን በበርሜል ለማጠራቀም ያሰበ ማኅበር በርሜሉን በደንብ መክደን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በሀገራችን የተገኘው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባለው የወባ ትንኝ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባ ነው። ክዳኑ የማይገጥም ከሆነ ቀዳዳው በማይበልጥ ወንፊት ወይም በጨርቅ ይታሰር።

ውሃው ቦታውን ካገኘ በኋላ ያለው የንጣፍ ሥራ ከባድ አይደለም። እኛ ያነጠፍነው 6 ሜትር በ4 ሜትር፣ ማለትም 24 ካሬ ሜትር ነው። በካስማና በሲባጎ ከተለካ በኋላ መሬቱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ተቆፈረ። የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ተከመረ፤ ይህን አፈር ከፍርስራሽ ጋር መጣል ትልቅ ጥፋት ነው፣ ለአትክልት መደብ ያስፈልጋል። ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ገረጋንቲ ፈስሶ ውሃ እየተርከፈከፈበት በከባድ ግንድ ተደለደለ፤ ለዚህም 2.4 ሜትር ኩብ ገረጋንቲ በቃ። በላዩ ከማሳ የተለቀመ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ ተነጠፈና ክፍተቱ በጠጠርና በአሸዋ ተሞላ። ንጣፉ ከመጋዘኑ ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ በ4 ሜትር 8 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ውሃ ልክ ከሌለ ውሃ የተሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የንጣፉ ከፍታ ከመጋዘኑ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲልና ቁፋሮው የግድግዳውን መሠረት እንዳይነካ መጠበቅ ይገባል። ሥራው 12 አባላትንና አራት ቀን ወሰደ። ቀኖቹ ሲመረጡ በዓላት እንዲታሰቡ ልብ ይሏል፤ እኔ አንድ ጊዜ ሳላስብ ቀጥሬ ብቻዬን ቆሜ ቀርቻለሁ።

ያለ ሲሚንቶ መነጠፉን የሚነቅፉ አሉ። በዋልካ መሬት ላይ ግን ይህ አሠራር ይሻላል እላለሁ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የፈሰሰ ስስ ሲሚንቶም አብሮ ይሰነጠቃል። የሰመጠ ድንጋይ ግን በድጅኖ ተነሥቶ፣ ገረጋንቲ ተጨምሮለት በግማሽ ሰዓት ይመለሳል። ዋናው ምክንያት ደግሞ እድሳቱ ሲመጣ ነው። ግድግዳው በሚሰፋበት በኩል ያለው ድንጋይ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይነጠፋል፤ የጠፋ ገንዘብ የለም። ከትልቁ ሥራ በፊት ለሚሠራ ሥራ መመዘኛው ይኸው ይመስለኛል፤ ተነሥቶ ዳግም የሚያገለግል ከሆነ ይሠራ፣ የሚፈርስ ከሆነ ይቆይ።

በዚሁ መመዘኛ ከሄድን ጥላው ዳስ ይሆናል እንጂ በሲሚንቶ የቆመ አዳራሽ አይሆንም። እኛ በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ማገር አጋድመን ፓሽን ፍሩት አወጣንበት፤ ዳሱም የንጣፉን አንድ ጥግ ብቻ እንዲሸፍን አደረግን፣ ስጥ ፀሐይ ይፈልጋልና። መቀመጫው ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ መደብ ነው፤ ግድግዳው በኋላ እንዲለሰን ከግድግዳው አንድ ሜትር ራቀ። ስጡ ንጣፉ ላይ በቀጥታ አይፈስስም፤ ሸራ ወይም ሰሌን ይነጠፍለታል። አዲሱ የመጋዘን ወለል እስኪሠራ ድረስም ጆንያዎቹ ከአሮጌ ጣውላ በተሠራ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ፈቀቅ ብለው እንዲደረደሩ አድርገናል።

አትክልቱ በመጨረሻ ይምጣ። ይህን የምለው የእርሻ ባለሙያ ሆኜ ሳለ ነው፤ ብዙዎቻችን ጓሮ ሲባል ወዲያው ችግኝ ይዘን እንሮጣለንና። በጠርዙ ላይ ከቁፋሮው የወጣውን ለም አፈር ከብስባሽ ጋር ቀላቅለን ጎመን በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተከልን፤ ቆስጣና ቃሪያ አከልን፤ በመቀመጫው አጠገብ ጤና አዳምና በሶብላ ሆነ። ውሃው እጅ ከታጠቡበት የሚተርፈው ነው፤ ሳሙና የበዛበት ሲሆን ግን ቅጠል ላይ እንዳይፈስስ ይደረጋል። አቮካዶና ማንጎ አልተከልንም። የፍራፍሬ ዛፍ እንደ ግድግዳ ሁሉ የረጅም ጊዜ ሥራ ስለ ሆነ የእድሳቱ ፕላን በመሬት ላይ በካስማ ሳይመለከት ቦታ ሊሰጠው አይገባም። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከመጋዘን አጠገብ ጨርሶ አይተከል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ራሳችን መሥሪያ ቤቶች አንድ ነገር ብናገር ቅር የሚለው አይኖርም ብዬ አምናለሁ። የልማት ሠራተኛው የሚመዘነው በተቆፈረ የብስባሽ ጉድጓድ ቁጥር ሲሆን ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ይቆጠራል፣ ከዚያ ክረምት ውሃ ይሞላዋል። እኛ በጓሮው ካገኘናቸው የውሃ ጉድጓዶች ሁለቱ በዚህ ዐይነት የተቆፈሩ ነበሩ። አንዱን ደፍነን በሌላው አጠገብ ከመሬት በላይ ገለባ፣ ፍግና አረም እያፈራረቅን ከመርን። በእፍኝ ሲጨመቅ እጅ የሚያረጥብ እንጂ የማይንጠባጠብ ርጥበት ከጠበቁለትና ካገላበጡት ከሦስት እስከ አራት ወር ይደርሳል። ቁጥር ውስጥ አልገባም፣ ጉድጓድ አይደለምና።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ያሳሰበኝ አንድ ነው። ይኸውም ሰው በጥገናው ረክቶ ትልቁን እድሳት ይረሳዋል የሚለው ነው። ይህ ስጋት እውነትነት አለው፤ የደረቀ መቀመጫና ጥላ ካገኙ በኋላ ስለሚያፈስስ ጣራ መናገር የተዉ አባላት አይቻለሁ። መከላከያው የእድሳቱን ሒሳብ አለመንካትና የተላለፈበትን ቀን በቃለ ጉባኤ ማስፈር ነው። የጓሮው ወጪ ከአባላት ጉልበትና ከእጅ ባለ ዕቃ ይሸፈን። በተጨማሪም የማይተላለፍ ነገር እንዳለ አመራሩ ይወቅ፤ ያዘነበለ ግድግዳ፣ ምስጥ የበላው ምሰሶ፣ የተላጠ የመብራት ሽቦና የሞላ መጸዳጃ ቤት ጥላ እየተሠራላቸው የሚቆዩ አይደሉም። እንዲህ ያለ ነገር ባለበት ግቢ ድንጋይ የሚያነጥፍ የልማት ሠራተኛ አባላቱን አደጋ ሥር አስቀምጧል።

ይህን ሥራ ለመጀመር ያሰበ ማኅበር ንጣፉን ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ቢያደርገው ይመረጣል። አሁን ክረምት የሆነበት አካባቢ ግን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ዝናቡ ሲያባራ ካስማ ይዞ ወደ ጓሮው ይውጣና ውሃው የገባበትን፣ የተኛበትንና የወጣበትን ቦታ ምልክት ያድርግ። ያ ምልክት የበጋው ፕላን ነው።

ከላይ የጠቀስኩት ማኅበር መጋዘን እድሳት እስከ ዛሬ አልተጀመረም። ባለፈው ዓመት የጣራው አንድ ወገን ብቻ ተቀይሯል፤ ለመወጣጫው ቋሚ ሲባል አንድ ረድፍ ድንጋይ ተነሥቶ በማግስቱ ተመልሷል። ስለ ስጡ የጠየቁት እናት ደግሞ ንጣፉ ሁለት ሜትር ይጨመርልን ብለው በጉባኤ አቅርበዋል። ድንጋዩ ተለቅሞ በጥጉ ተከምሯል።