ቁስሉ ጠበበ፤ በሽተኛውስ ዳነ?

«ደረት ሳይሰነጠቅ ልብ ይታከማል!» ሲባል የማይደሰት የለም። ማን ደረቱ እንደ ማገዶ እንዲፈለጥ ይሻል? በነባሩ የልብ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ፍርምባውን ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ከፍቶ ነው ልብ ዘንድ የሚደርሰው። ሥራው ሲያልቅ አጥንቱ በሽቦ ይታሰራል፤ እስኪገጥም ሳምንታት ይፈጃል። በአዲሱ ዘዴ ግን በጎድን አጥንቶች መካከል ጠባብ ቀዳዳ ይከፈትና ብዙ ጊዜ በካሜራ እየታየ፣ በረዣዥም መሣሪያ ይሠራል። ጠባሳውም ትንሽ ነው።

የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ቀዳዳው ስለጠበበ ብቻ በሽተኛው ይበልጥ ይድናል ወይ? ቤቱን ሸጦ፣ ዘመድ ወዳጁን አስቸግሮ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ የሚሄደው ወገናችን ይህን የመጠየቅ መብት አለው። መልሱን ደግሞ ከደላላ ሳይሆን ከሐኪም ማግኘት አለበት።

እስቲ ወሬውን ትተን ቁጥሩን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ አንድ የብሪታንያ ጥናት፣ በሳንባ ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና የታዘዘላቸው 503 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተመደቡ። አንደኛው ወገን ደረቱ በሰፊው ተከፈተ፤ ሌላው በጠባብ ቀዳዳ፣ በካሜራ ታከመ። በአምስተኛው ሳምንት በካሜራ የታከሙት በአካል ጠንክረው ተገኙ። ሆስፒታል ሳሉ የጤና እክል የገጠማቸው ከእነሱ 32.8 በመቶ፣ በሰፊው ከተከፈቱት ደግሞ 44.3 በመቶ ነበሩ። ካንሰሩን በማስወገድ በኩልም አላነሱም። እንግዲህ ሳንባ ላይ ጠባቡ ቀዳዳ አሸንፏል። መካድ አይቻልም።

ልብ ላይ ሲደረስስ? በ2023 በዚያው አገር የሌላ ጥናት ውጤት ወጣ። ማይትራል የሚባለው የልብ ቫልቭ አልዘጋ ብሎ ደም ወደ ኋላ የሚመለስባቸው 330 ሰዎች በዕጣ ተመደቡ። ከ12 ሳምንት በኋላ ሁለቱ ወገኖች በአካል ብቃት አልተለያዩም። ቫልቩን መጠገኑ በሁለቱም ወገን 96 በመቶ ያህል ተሳክቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት፣ እንደገና የተቀደዱትና በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡት አንድ ላይ ሲደመሩ በጠባቡ 5.4፣ በሰፊው 6.1 በመቶ ናቸው። ይህ ልዩነት ሊባል አይችልም። ጠባቡ ያተረፈው የሆስፒታል ቆይታን ከ6 ቀን ወደ 5 ቀን ማሳጠሩን ነው።

አንድ ቀንም ትርፍ ነው፤ አንንቀውም። ግን ልብ በሉ! ይህን ውጤት ያመጡት በዘዴው የተካኑ ሐኪሞች ናቸው። ቀዳዳው ጠበበ ማለት ሥራው ቀለለ ማለት አይደለም። ልብ ያው መቆሙ፣ ደም ያው በማሽን መዞሩ አይቀርም፤ የማሽኑም ቧንቧ ብዙ ጊዜ በብሽሽት በኩል ይገባል፤ ልብ ቆሞ የሚቆይበትም ጊዜ ይረዝማል። እጁ ያልለመደ ሐኪም ትንሽ ጠባሳ ትቶ ቫልቩን ሳያስተካክለው ቢወጣ ምን ይባላል? ቆዳ ተወደደ ቢሉት በሬውን አረደ፣ ነው ነገሩ።

«ይህ የፈረንጅ በሽተኛ ወሬ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። በእኛ አገር ብዙ ሕፃናትንና ወጣቶችን የሚጥለው በልጅነት ሳይታከም በቀረ የቶንሲል ሕመም ሰበብ የሚመጣው የልብ ቫልቭ በሽታ ነው። እንግዲያው ወደ አፍሪካ እንምጣ። በቱኒዚያ፣ በሞናስቲር ከተማ፣ በዚሁ በሽታ ቫልቫቸው የጠበበ 90 ሰዎች በሦስት መንገድ ታክመው ለ7 ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ውጤቱ በ1998 ወጣ። ደረታቸው ሳይከፈት፣ በብሽሽት ደም ሥር በገባ ፊኛ ቫልቫቸው የሰፋላቸውና ልባቸው ተከፍቶ የታከሙት እኩል ጥሩ ውጤት አገኙ። ወደ ኋላ የቀሩት ደረታቸው ተከፍቶ፣ ልባቸው ግን ሳይከፈት፣ ቫልቫቸው በዳበሳ የሰፋላቸው ናቸው። ደረት መከፈቱ ብቻውን አላዳነም ማለት ነው! ፊኛውም ቢሆን ለሁሉም አይሆንም፤ ቫልቩ ክፉኛ የሚያፈስ ወይም ልብ ውስጥ የረጋ ደም ያለበት በሽተኛ ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ በየዓመቱ ስንት ሰው እንዳከመ፣ በዓመቱ ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ ስንቱ እንደገና እንደተቀደደ ለሕዝብ ያሳውቅ። ጤና ሚኒስቴርም ያስገድድ! እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል ደጅ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ተራ ሲጠብቁ ኖረዋል። ለእነዚህ ልጆች ወላጆች ትልቁ ጥያቄ የጠባሳ ስፋት አይደለም፤ ተራ መድረሱና ቫልቩ በትክክል መጠገኑ ነው። በሽታው ተመልሶ እንዳይጠና በየወሩ የሚወጋው ፔኒሲሊንም በየጤና ጣቢያው ሊጠፋ አይገባም።

እናንተም አንባብያን፣ ለራሳችሁም ሆነ ለዘመድ ስትሄዱ «ቀዳዳው ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ዶክተር፣ ይህን ሥራ በዚህ ዘዴ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ስንቱ ዳነ?» በሉ። ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው። ጠባሳን ልብስ ይሸፍነዋል። ያልተጠገነን ልብ ግን ምን ይሸፍነዋል?