ለእኛ የጻፋችሁትን ለመንደሩም ንገሩ

ይድረስ በየትውልድ ቀያችሁ የልማት ማኅበር አቋቁማችሁ ለምትደክሙ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

የላካችሁልን የዓመቱ ሪፖርት ደርሶናል፤ ከነፎቶግራፉ፣ ከነደረሰኙ፣ ከነፕሮፎርማው አንብበነዋል። በትርፍ ጊዜያችሁ፣ ያለ አበል፣ መብራት እየሄደ እየመጣ ይህን ሁሉ ማዘጋጀት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁና ምስጋናዬ ከልብ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ገንዘቡ አይደለም። ሒሳባችሁን በየዓመቱ እንደምታስመረምሩ ሁሉ፣ የምትናገሩት ነገር ማን ዘንድ እንደደረሰና ማን ዘንድ ሳይደርስ እንደቀረ እንድታስመረምሩ ልለምናችሁ ነው።

ባለፈው አገር ቤት ስመጣ አንድ ማኅበር ያሠራውን የውሃ ቦኖ ለማየት ሄጄ ነበር። ቦኖው በሰንሰለት ተቆልፏል። ግንቡ ላይ የለጋሾች ስም በእብነ በረድ ተቀርጿል፤ ለአንድ ጀሪካን ስንት እንደሚከፈል፣ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ቢበላሽ ለማን እንደሚነገር ግን አንድም የተጻፈ ነገር የለም። ጀሪካን አዝለው ወደ ምንጩ የሚወርዱ አንዲት እናት አስቁመው አነጋገሩኝ። «ያስዘጋችሁት እናንተ አሜሪካ ያላችሁት ናችሁ አሉ፤ ምን አጠፋን ልጄ?» አሉኝ።

ነገሩ ሌላ ነው። ፓምፑ ተቃጥሎ ኮሚቴው መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት እየጠበቀ ነበር። ይህን ሜሪላንድ ያለነው ሰዎች ፓምፑ በተቃጠለ ሰሞን በቴሌግራም ሰምተናል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ሳይቀር ተልኮልናል። ከቦኖው ደጅ የሚኖሩት እናት ግን የደረሳቸው አሉባልታ ብቻ ነው። የዋሻቸው ሰው የለም፤ የነገራቸውም የለም። ለቦኖው ግንባታ ድንጋይ ያቀረቡት፣ አሸዋ የተሸከሙት፣ ለሠራተኛው ምሳ ያበሰሉት እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። እኔ የሰጠሁት ገንዘብ ነው፤ እሳቸው ጉልበታቸውን ሰጥተዋል። ሪፖርት የተጻፈው ግን ለእኔ ነው።

ሰው ገንዘብ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አብልጦ መናገሩ አይገርምም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2010 ዓ.ም. ክረምት ዳያስፖራው በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ጥሪ ሲያቀርቡ፣ እዚህ በየቤቱና በየካፌው ይነሳ የነበረው ጥያቄ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ማን ይነግረናል የሚል ነበር። እኛ ካልተነገረን እጃችንን መሰብሰብ እንችላለን፤ ስለዚህ ይነገረናል። መንግሥትም እንዲሁ የሚጠይቅበት ሕግ አለው፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገቡ ድርጅቶች ዓመታዊ የሥራ ክንውንና የኦዲት ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። የቦኖው ተጠቃሚ ግን የሚያስቀረው ገንዘብ፣ የሚጠቅሰው አንቀጽ የለውም። ያለው ምንጩ ብቻ ነው፤ ወደዚያው ይመለሳል። ያን ጊዜ ቦኖው ባለቤት ያጣል፤ ቧንቧው ቢፈስ ሮጦ የሚናገር አይገኝም።

ለዚህ መድኃኒቱን ከውጭ አማካሪ መፈለግ ያለብን አይመስለኝም። እድራችን እኮ አለ። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው በየሰፈሩ ይዞራል፤ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት ቤተ ክርስቲያን፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። ማንበብ የማይችለውም፣ ስልክ የሌለውም ይሰማል። በወሩ ስብሰባ ገንዘብ ያዡ ቆሞ ሒሳቡን ያሰማል፤ አንዲት ባልቴት ተነስተው «ድንኳኑ ለምን ተቀደደ? የኪራዩስ ገንዘብ የት ገባ?» ብለው ሊያፋጥጡት ይችላሉ። እሱም መልስ ሳይሰጥ አይቀመጥም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የከተሙ የጉራጌ ተወላጆች ተሰባስበው ለአገራቸው መንገድ ሲያሠሩም ነገሩ ከዚህ አይርቅም፤ መስቀል በመጣ ቁጥር አዋጪው አገሩ ይገባል፣ መንገዱን በዓይኑ ያያል፣ ዘመዱ ፊት ለፊት ይጠይቀዋል።

መንግሥታዊ ተቋምም ሲያስብበት ይችላል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ያስጀመረውን 8028 የስልክ መስመር አስቡት። ገበሬው ያለ ክፍያ ይደውላል፤ ቁጥር እየተጫነ ስለ ዘሩ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ተባዩ በሚሰማው ቋንቋ ያዳምጣል። በዚህ አገልግሎት የምወደው ገበሬው ማንበብ ይችል እንደሆነ አለመጠየቁን፣ ሰዓቱንም ራሱ እንዲመርጥ መተዉን ነው።

ስለ እኛም ጥቂት ልበል፤ ውጭ ያለነው አንድ ዓይነት ሰው አይደለንም። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራው እህታችሁ ስልኳን የምታገኘው ሌሊት ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ አርባ ገጽ ሰነድ ከመላክ የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይሻላል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን አማርኛ እየሰሙ ፊደል አይለዩም። ስብሰባ ስትጠሩም «ቅዳሜ 2 ሰዓት» ብቻ አትበሉን፤ በማን ሰዓት፣ ጠዋት ይሁን ማታ ካልተጻፈ የዋሽንግተኑም የቴል አቪቩም ሰው ይቀራል። ይህ በአንድ ቀን የሚስተካከል ነው።

መጀመሪያ የለመንኳችሁ ምርመራ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት ካስተላለፋችኋቸው ትልልቅ መልእክቶች ሦስቱን ምረጡ፤ አንዱ የግድ ክፉ ወሬ ይሁን፤ የፓምፑን መቃጠል የመሰለ። ከዚያ ወደ ሰው ሂዱ፤ ውሃ ወደምትቀዳው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ገበያ ዳር ወደምትሸጠው፣ ጂዳ ወዳለችው፣ በተለይ ደግሞ መዋጮ ወዳቆመው። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ምን ሰማህ? ከማን ሰማህ? መቼ? ከሰማህ በኋላ ምን አደረግህ? ሪፖርቱን ወደድከው ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላችኋል።

ጠያቂውም ሊቀመንበሩ አይሁን። ሰው ሊቀመንበሩ ፊት ቅሬታውን የሚውጠው በፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታ አለ። ለዓመታት ያለ ደመወዝ የደከመን ሰው «አልነገርከንም» ማለት ለአፍ ይከብዳል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ላኩ፤ መልሱን እንደተነገራቸው ይጻፉት፤ የተናጋሪው ስም አይመዝገብ። የማይጥም ነገር ሲመጣ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ማን እንደተናገረ አትፈልጉ። አንድ ጊዜ ከተፈለገ ሁለተኛ የሚናገር አታገኙም።

ውጤቱ ሲደርስ መጀመሪያ በመንደሩ ይነበብ፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ባለበት። ቦኖው ላይ ዋጋውን፣ የመክፈቻ ሰዓቱንና የተጠሪውን ስልክ በትልቁ ጻፉበት። ቦኖ ሲዘጋ በዚያው ቀን የሚዞር ሰው መድቡ፤ ለድምፅ ማጉያው፣ ለሰሌዳው፣ ለሚዞረው ሰው አበል የሚያስፈልገውን ከምንልከው ላይ ቀንሱ። ይህን እዚህ ካሉት ጓደኞቼ ጋር ተነጋግረንበት ተስማምተናል። የእኛ ሪፖርት በሁለት ሳምንት ቢዘገይ ምንም አንሆንም።

በብዙ ናፍቆት፣
ወንድማችሁ፣ ከሜሪላንድ