መጀመሪያ ጽሑፉ ይውጣ

«ጋሼ፣ ፎርማት ከማድረግ ሌላ መፍትሔ የለውም፤ ዲ ላይ ያለው አይነካም» አለኝ ወጣቱ ጠጋኝ። ኮምፒውተሬ ሲከፈት የአምራቹን አርማ ያሳይና ተመልሶ ይጨልማል። እንደገና አርማ፣ እንደገና ጨለማ። በሆዱ የሃያ ዓመት ግጥሞቼና አንድ ያላለቀ ልብ ወለድ አሉ። እሺ ልል አፌን ከከፈትሁ በኋላ ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ፦ ግጥሞቼ ዴስክቶፕ ላይ ናቸው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ የሚኖረው ሲ ውስጥ፣ ሊታጠብ በተዘጋጀው ክፍል ነው።

ልጁን አልወቅሰውም። የሚከፈለው ማሽኑ ተነሥቶ እንዲሄድ ነው፤ ግጥም አድን ያለው የለም። ቅሬታዬ ከልማዱ ጋር ነው። ዊንዶውስ ነገም ከነገ ወዲያም ይጫናል፤ ያልታተመ ግጥም ግን ከየትም አይጫንም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ባይ ነኝ፦ መጀመሪያ ጽሑፉ ይውጣ፣ ማሽኑ ከዚያ ይጠገን።

ማውጣቱም ያን ያህል ምትሃት አይደለም። ብዙ ጊዜ የታመመው ዊንዶውስ እንጂ ጽሑፉ ያረፈበት ዲስክ አይደለም። አንድ ወዳጄ ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ ሥርዓት በፍላሽ ይዞ መጣና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሣው፤ ምንም ሳይጭንበት፣ ለሙከራ ብቻ። ፎልደሮቼ እንደ ነበሩ ተደርድረው አየኋቸው። ወደ ውጫዊ ዲስክ ገለበጥናቸው። (አዳዲስ ላፕቶፖች ግን ብዙዎቹ ዲስካቸውን በምስጢር ይቆልፋሉ፤ ባለ 48 አኃዙ የመክፈቻ ቁጥር ከሌለ ይህ ሁሉ ከንቱ ነውና ቁጥሩን ማሽኑ ጤነኛ ሳለ በወረቀት መጻፍ ይበጃል።) ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ወዲያው አጥፍቶ ለባለሙያ መስጠት ነው፤ በሞከሩት ቁጥር ይበልጥ ይጎዳል።

«እኔ ዲ ላይ ገልብጫለሁ» እያሉ ተዝናንተው የሚተኙ ወዳጆች አሉኝ። ሲና ዲ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ይህን በሰማሁ ቁጥር የሄሚንግዌይ ሻንጣ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1922 የመጀመሪያ ሚስቱ ሃድሊ ጽሑፎቹን ይዛ ወደ ሎዛን ልትሄድ ስትል፣ ፓሪስ ውስጥ ጋር ደ ሊዮን ባቡር ጣቢያ ሻንጣው ተሰረቀ። ዋናውንም የካርቦን ቅጂውንም የከተተችው በዚያው ሻንጣ ነበር።

በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከዳኑት መካከል አንዱን የቆየ አጭር ልብ ወለድ በወዳጄ ኮምፒውተር ስከፍተው፣ የላቲን ፊደልና የማላውቀው ምልክት ተዘባርቆ ጠበቀኝ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙዎቻችን ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ የጻፍነው እያንዳንዱ የራሱ ኮድ ባለው ፎንት ነበር። ፎንቱ ከሌለ ፋይሉ ቢኖርም የሚያነበው የለም። ፎንቱ የሚቀመጠውም እዚያው ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ሥር፣ ፎንትስ በተባለው ፎልደር ነው፤ በፎርማት አብሮ ይጠፋል። ፋይል የሚያወጣ ሰው ይህን ፎልደር ሲያስታውስ አላየሁም። የቆየ የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ሰው ግን ይህንንም አውጡልኝ ማለት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ለመቀየር ጊዜ ይኖረዋል።

ወዳጄ ፎንቱን ከታመመው ዲስክ ቀድቶ ሲጭነው፣ ያ ዝብርቅርቅ በአንድ ጊዜ ፊደል ሆነ። ልብ ወለዱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደካማ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ከእናቴ አፍ እንደ ወረደ የጻፍሁት ንግግር አለ፤ ጎረቤቷን ቡና ስትጠራ የምትለው። ሌላ ቦታ አልጻፍሁትም፤ እሷም ዛሬ የለችም። ያን ገጽ በወረቀት አትሜ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።