ኤርታሌ ሶደሬ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ፍራንኮ አካባቢ አንዲት ጀበና ቡና ዘንድ ዘጠኝ ሆነን ተሰብስበን ነበር። አጀንዳው የታኅሣሥ ጉዞ ነው፤ ከአዳማ አዋሽ፣ ከአዋሽ ሰመራ፣ ከሰመራ አፍዴራ፣ ከዚያ ኤርታሌ፣ ከተሳካ ደግሞ ዳሎል። ገንዘብ ያዣችን ደብተሩን ገልጦ ዝርዝሩን አነበበ። አንድ ዶልፊን ከነሹፌሩ። ሁለት ፍየል። አራት ሳጥን ቢራ። ትልቁ ስፒከር። ጫት «እንደየፍላጎቱ»። ከሰል። ድሮን ያለው ከተገኘ ድሮን።

«ውሃስ?» አልኩ።

«መንገድ ላይ እንገዛለና!»

ሲኒ ሰበርኩ ብል ውሸት ነው። ጠረጴዛው ግን ተመቷል፣ ቡናም ፈስሷል። ልጅቷ ጨርቅ ይዛ እስክትመጣ እንኳ አልታገስኩም፤ የአፌን ተናገርኩ፣ ግማሾቹ ሳቁ፣ አንዱ «ጋዜጠኛው ዛሬ ፆሙን ነው መሰል» አለ። የቀረኝን እዚህ ልጨርሰው።

ወንድሞቼ፣ ሶደሬ ፎጣ ብትረሱ ትከራያላችሁ። ላንጋኖ ውሃ ቢያልቅባችሁ ልጅ ትልካላችሁ። ከአፍዴራ ወዲያ የምትልኩት ልጅም፣ የምትልኩበት ሱቅም የለም። አዳማ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ተቀምጠን ነው የምናወራው፤ አፍዴራ ሐይቅ ዳር ስትደርሱ ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ገደማ ወርዳችኋል። ዳሎል ላይ በ1960ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሙቀት ተለክቶ ነበር። ቀኑንም ሌሊቱንም፣ በጋውንም ክረምቱንም ደምረው ሲያካፍሉት 34.6 ዲግሪ ወጣ። ይህ አማካዩ ነው። የሐምሌ ቀትሩን አስቡት። ያም ሆኖ የእኛ ዕቅድ የቢራውን ማቀዝቀዣ ያህል እንኳ ለውሃ ቦታ አልተወም።

የሰው ብቻ እያወራሁ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔም የዚሁ የጅል ጉዞ አባል ነበርኩ። ድንቅነሽ የተገኘችበትን ሐዳርን እናያለን ብለን አራት ሆነን በተውሶ ፒክአፕ ወጣን። ፒክአፕዋ የሚነዳት የኋላ ጎማዋ ብቻ ነው። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ከአፈር ስትወጣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ጠብቃለች፤ እኛ መንገድ የሚያሳይ አንድ ሰው ለመፈለግ ግማሽ ሰዓት አልጠበቅንም። የያዝነው ሰባት ሃይላንድ ውሃ ነው። ሦስቱን ሚሌ ሳንደርስ ፊታችንን ታጥበንበታል።

ከአስፋልት ወርደን ብዙም ሳንርቅ የኋላ ጎማዋ አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ክሪክ አወጣን፤ ክሪኩም ተከትሎ ሰመጠ። የመኪናዋን ምንጣፍ ከጎማው ሥር ከተትን፣ ጎማው ምንጣፉን በልቶ ወደ ኋላ ተፋው። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ከሩቅ ቆሞ ሲያየን ቆየና ምንም ሳይል ሄደ። «ትቶን ሄደ» ብለን ሰደብነው። ፀሐይዋ ከአናታችን አልነቃነቅ አለች፤ አንደኛው ጓደኛችን የራዲያተሩን ውሃ መጠጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። አልቀለደም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጁ ተመለሰ። ቢጫ ጀሪካን የጫነች አህያ የሚነዱ አንድ ጠና ያሉ ሰው ከኋላው ይመጣሉ። በልጅነታቸው ተንዳሆ ጥጥ እርሻ ላይ ሠርተው ስለነበር አማርኛ ይችላሉ። መጀመሪያ ውሃ በቆርቆሮ ኩባያ፣ በየተራ፣ ቀስ ብለን እንድንጠጣ እየተቆጡ ሰጡን። ከዚያ የግራር ቅርንጫፍ አስቆርጠው ጎማው ሥር አስነጠፉና መኪናዋን አስወጡልን። እንዴት አወቁ ስንላቸው በዳጉ ነው። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን፣ የሰማውን ሁሉ ይነግረዋል፤ በዳጉ የሚዋሽ ሰው ክብር የለውም። አራት ደገኞች፣ አንዱ ቀይ ኮፍያ ያደረገ፣ በማይሆን መንገድ ገብተዋል የሚለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። እኛ ስልካችንን ወደ ሰማይ አንስተን ኔትወርክ ስንፈልግ በነበርንበት ሰዓት ነው ይህ የሆነው።

ብር አወጣን። እጃችንን መለሱት። ቁጭ አሉና የእኛን ዳጉ ጠየቁ። ከየት መጣችሁ? ከአዳማ።

«አዳማ! ቆቃ ሞልቷል?»

እርስ በርስ ተያየን። ከሁለት ሳምንት በፊት አራታችንም ቆቃ ሄደን ዓሣ በልተናል። አንዱ ጓደኛችን ነፍሱን ይማርና «ዓሣው ጥሩ ነበር» አላቸው።

እንግዲህ ቁጣዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሰውየው በእኔና በእሳቸው መካከል ያለውን ነገር ያውቁታል፤ እኔ አላውቀውም። አዋሽ ከምዕራብ ሸዋ ተነሥቶ፣ ከጣሊያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ሥራ በጀመረው በቆቃ ግድብ ተኝቶ፣ ወንጂን አጠጥቶ፣ ሶደሬን አልፎ፣ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ገዋኔን፣ አሳይታን ይዞ ይወርዳል። ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚወርደው ወደዚሁ ውሃ ነው። የእኛም የቦይ እጣቢ ከዚያ አይቀርም። ግድቡ ሞልቶ ሲለቀቅ ወንዙ ዳር የተኛ ሕፃን ያለው ቤተሰብ ያን ሌሊት እንቅልፍ የለውም። በነሐሴ 2012 አዋሽ አፋርን ሲያጥለቀልቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ሲፈናቀሉ እዚህ አዳማ ክረምቱ ጥሩ ነው፣ አቧራው ቀነሰ ይባል ነበር። እኔም ብያለሁ።

እና «ምን አለ እዚያ? በረሃ አይደል እንዴ?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ደሜ ይፈላል። የምትበላው ጨው አለ፣ ጌታዬ! ከኤርትራ ጋር በ1990 ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ ጨው ሲቋረጥ የአገሩን ማዕድ ቤት የያዘው አፍዴራ ነው። ቅድመ አያትህ እንደ ገንዘብ የሚቆጥሩት አሞሌም ከዚያው ዝቅታ እየተቆረጠ በግመል ወደ ደጋ የወጣ ነው። ናፍጣህ፣ ስንዴህ፣ ስልክህ ከጅቡቲ የሚገባው ይህንኑ «ምንም የለም» የምትለውን ምድር ሰንጥቆ ነው። ይህ ሁሉ እያለ በረሃ ስትል አፍህ ውስጥ የሚመጣው ቃል «ባዶ» ነው።

ፈረንጆቹም አስተምረውናል መሰል። በ1928 በፈረንጆች አቆጣጠር ያን ምድር ያቋረጠው ኔስቢት የጻፈው መጽሐፍ አሜሪካ ሲታተም «የፍጥረት የሲኦል ጉድጓድ» የሚል ርዕስ ተለጠፈበት። የሰው አገር ነው፤ ሲኦል ይሉታል። ከእሱ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1933፣ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ቴሲጀር ከአዋሽ ጣቢያ ግመል ጭኖ ወንዙን ተከትሎ እስከ አቤ ወረደ። ስለ ሰውየው ብዙ ክፉ ማለት ይቻላል፤ ግን አውሳ ለመግባት ከሱልጣኑ ፊት ቆሞ ፈቃድ ጠይቋል። እኛ ፓርቲ ልናደርግ ስንሄድ ማንን ነው የጠየቅነው? የዶልፊኑን ባለቤት።

ያ ምድር ሩቅ የሚመስላችሁም ካላችሁ ትንሽ አስታውሱ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ፈንታሌና ዶፈን ሥር ቅልጥ ድንጋይ ሲንቀሳቀስ፣ መሬት ሲሰነጠቅ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲወጣ፣ የእኔ ቤት ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ይጨፍር ነበር። ጎረቤቴ እናት ዓለም በሌሊት ቀሚስ ግቢ ወጥተው «ምን መጣብን?» አሉ። ምንም አልመጣብንም፤ ያው ስምጥ ሸለቆ ነው፣ እኛ ራስጌው ላይ ተኝተን እነሱ ግርጌው ላይ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ደግሞ ከኤርታሌ ጎን ያለው፣ ፈነዳ ተብሎ ተጽፎ የማያውቀው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን፣ ኦማንን፣ ሕንድን ደረሰ። አፍዴራ የሣር ግጦሹ አመድ ለበሰ። የእኛ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተጻፈውን ልንገራችሁ? «ቪዲዮው ሲያምር! ሳይበርድ እንድረስ።»

ሳይበርድ!

የአስጎብኚዎቹም ነገር አለ። አንዱ ዘንድ ደውዬ ዋጋ ስጠይቅ በዶላር ነገረኝ። እኔ አማርኛ ነው የማወራው፣ የምደውለውም ከአዳማ ነው፤ ቢሆንም በዶላር። በብር ንገረኝ ስለው «ለአበሻ ፓኬጅ የለንም» አለኝ። የአገሬን መሬት ለማየት የውጭ ምንዛሪ! ስልኩን ዘጋሁ። ከመናደዴ ጋር ግን አንድ ነገር አልክድም፤ ያ ሰው ቢያንስ ስንት መኪና፣ ስንት ጀሪካን ውሃ፣ ስንት ጠባቂ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። እኛ የምናውቀው የፍየሉን ዋጋ ነው።

ስለዚህ የሚሄድ ካለ እንዲህ ይሂድ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ። መኪናው ፎር ዊል፣ ያውም ሁለት፣ አንዱ ቢሰምጥ ሌላው የሚጎትተው። በየመኪናው ሁለት ስኮርታ። ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር የሚጠጣ ውሃ፣ ለሁለት ትርፍ ቀን ተጨምሮ፣ የማብሰያው ሳይቆጠር። ሰመራ ላይ ቆሞ የክልሉን ቱሪዝም ቢሮ ፈቃድ መያዝ። የአካባቢው ሰው የሆነ መሪና ጠባቂ መቅጠር፤ በጥር 2004 ኤርታሌ ላይ አምስት ቱሪስቶች ተገድለዋል፣ ከዚያም በኋላ የትግራይ ጦርነት ወደ አፋር ተሻግሮ ያደረገውን ሁሉም ያውቃል። የት እንደሚታደር የሚወስነው የአካባቢው ሰው ነው፣ ቲክቶክ አይደለም። ዳሎል ላይ ቢጫና አረንጓዴ የሚያብለጨልጨው ኩሬ አሲድ ነው፤ ጠንካራ የሚመስለው የጨው ቅርፊት ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ መሪው ያልረገጠውን አትርገጡ። ኤርታሌም ላይ ቀይ የላቫ ሐይቅ ይጠብቀናል ብላችሁ አትማሉ። በ2009 ጥር ጎኑን ሰንጥቆ ከፈሰሰ ወዲህ ጠባዩ ተለዋዋጭ ነው። ጭስ ብቻ አይታችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ጭስ አይቶ መመለስ የማይችል ሰው ከቤቱ ይዋል፤ እጣንም ጭስ አለው።

ስፒከሩስ? አንሱት አልኩ። ያን ጊዜ ነው ሁለቱ ጉባኤውን ረግጠው የወጡት።

ለመንገዱ ምክር የምንጠይቀው ደግሞ ቱሪስት አይደለም፤ አዳማ ውስጥ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሞልቷል። ማታ ተሳቢያቸውን አቁመው ሻይ ሲጠጡ ሄዳችሁ ተቀመጡ። እኔ ሰኞ ዕለት ሄድኩ። አንድ ሠላሳ ዓመት የነዱ ጋሼ ዝርዝራችንን አይተው ሳቁ፤ ሳቁና ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ፍየሉን ሰረዙ፣ «እዚያ ከነሱ ትገዛላችሁ፣ እነሱም ይጠቀሙ» አሉ። ቢራውን ሰረዙ፣ «የሙስሊም አገር ነው ልጄ፣ ደግሞም ያደርቅሃል»። ዶልፊኑ ላይ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ። «ይህን ማን ጻፈው?» አሉ። ስም አልጠራሁም።

አሁን አምስት ቀርተናል። አንድ ላንድክሩዘር ተገኝቷል፣ ሁለተኛውን እየፈለግን ነው። ትናንት ገበያ ወርጄ ሃያ አምስት ሊትር የሚይዙ ስምንት ቢጫ ጀሪካኖች ገዛሁ። የፓልም ዘይት የነበረባቸው ናቸው። ባለቤቴ በፈላ ውሃና በአመድ ሦስት ጊዜ አጠበቻቸው፣ አራተኛውን እኔ አጠብኩ፤ ግቢው ውስጥ አፋቸውን ወደ ታች ደፍተን አሰልፈናቸዋል። ዛሬ ጠዋት ከአንዱ ውሃ ቀድቼ ቀመስኩ። አሁንም ዘይት ዘይት ይላል።