ርካሹ ፓምፕ አታለለኝ፦ ስለ ኢ85 የሰጠኋችሁን ምክር አንስቻለሁ

በተለይ እዚህ ሚኒሶታ ሰበርባን፣ ታሆ፣ ዩኮን ይዛችሁ ኤርፖርት የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ተራ እየጠበቃችሁ አንብቡት።

ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ጁን 2022 ላይ ጋዝ በአገር አቀፍ ደረጃ በአማካይ ከ5 ዶላር ያለፈ ጊዜ ነው። የእኛ ሰፈር ፓምፕ ላይ መደበኛው 4 ዶላር ከ75 ሲሆን፣ ከጎኑ ያለው ቢጫ እጀታ ማለትም ኢ85 ደግሞ 3 ዶላር ከ39 ነበር። የእኔ ሰበርባን ቢጫ የጋዝ ክዳን ያላት ፍሌክስ ፊዩል ስለሆነች ሁለቱንም ትጠጣለች። ያን ጊዜ «ወገን፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ኢ85 ቅዱ» ብዬ እዚሁ ጻፍኩ። ብዙ ሰው ሼር አደረገው። ዛሬ ያንን ምክር ላነሳ ነው የመጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰሞን ኤርፖርት ተራ ይዘን ስንጨዋወት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ ሹፌር ጠጋ ብለው፣

«አንተ ልጅ፣ አሁንም ያንን ቢጫውን ነው የምትቀዳው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ በጋሎን 51 ሳንቲም ይረክሳል እኮ» አልኳቸው።

«መርከሱንስ ይርከስ፤ ስንት ማይል ሄድክበት?»

መልስ አልነበረኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ፓምፑ ላይ ያለውን ዋጋ እያየሁ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ማይል አላየሁም። እሳቸው ምንም አልጨመሩም፤ ፈገግ ብለው ሄዱ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ስድስት ሳምንት ደብተር ያዝኩ። ሦስቱን ሳምንት መደበኛ ጋዝ ብቻ፣ ሦስቱን ኢ85 ብቻ። ያው መንገድ፣ ያው ኤርፖርት፣ ያው ሻንጣ። ውጤቱ ይኸው፦ በመደበኛው ጋዝ በአንድ ጋሎን 15.2 ማይል፣ በኢ85 ደግሞ 11.6 ማይል። ማለት ከአራት ማይል አንዱ ገደማ ጠፍቷል።

አሁን ከዋጋው ጋር እናገናኘው። መደበኛው 3 ዶላር ከ20፣ ኢ85 2 ዶላር ከ69 ነበር። የእኔ ሰበርባን ታንከር 31 ጋሎን ይይዛል፤ እኔ 27 ጋሎን ያህል ነው በአንድ ጊዜ የምቀዳው። ኢ85 ስቀዳ ፓምፑ ላይ 13 ዶላር ከ77 አተርፋለሁ። ደስ ይላል፤ ሪሲቱ ላይ ይታያል። ግን በ27 ጋሎን መደበኛ ጋዝ 410 ማይል እሄዳለሁ፤ በኢ85 የምሄደው 313 ማይል ነው። የጎደሉትን 97 ማይሎች ለመሄድ ከ20 ዶላር በላይ ጋዝ ያስፈልገኛል። 13 ዶላር አተረፍኩ ብዬ 20 ዶላር ጣልኩ ማለት ነው።

በማይል ስታስሉት መደበኛው 21 ሳንቲም፣ ኢ85 ደግሞ 23 ሳንቲም ይመጣል። «ሁለት ሳንቲም ምን አላት?» የሚል ይኖራል። እኔ በሳምንት 1,000 ማይል እነዳለሁ። በሳምንት 21 ዶላር፣ በዓመት 50 ሳምንት ብሠራ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። አገር ቤት ለእናቴ የምልከው ገንዘብ ነው፣ ወገኖቼ። ለዚያውም በሳምንት አንድ ተጨማሪ ጊዜ ጋዝ ማደያ መቆሜን ሳልቆጥር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ኢታኖል መጥፎ ስለሆነ አይደለም። በአንድ ጋሎን ኢታኖል ውስጥ ያለው ጉልበት በአንድ ጋሎን ንጹሕ ቤንዚን ውስጥ ካለው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። ጋሎን የፈሳሹን ብዛት ነው የሚለካው፤ ጉልበቱን አይለካም። እዚህ እኛ ቤት ጤፍ ሲወደድ ከሌላ ዱቄት ጋር ቀላቅለን እንጀራ እንጋግር የለ? እንጀራው በቁጥር ያው ነው፣ ረከስ ይላል፤ ግን ሆድ አይዝም፣ ቶሎ ይርባል። ሰበርባንም እንደዚያው ቶሎ ይርባታል።

ደግሞ 85 የሚለው ስም አያታላችሁ። ሕጉ የሚፈቅደው ከ51 እስከ 83 በመቶ ኢታኖል ነው። እንደ እኛ ያለ ብርድ አገር በበረዶው ወቅት ሞተር እንዲነሳ ብለው ኢታኖሉን ይቀንሱታል። ስለዚህ በጁላይ የለካችሁት ማይሌጅ ለጃንዋሪ አይሠራም። መደበኛው ጋዝ የምንለውም ቢሆን እዚህ ስቴት 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፤ እሱ ግን ማይሌጁን 3 በመቶ ገደማ ቢቀንስ ነው።

«ታዲያ የማይረባ ከሆነ ለምን ትልልቆቹን መኪኖች ፍሌክስ አደረጓቸው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1988 የወጣ የፌዴራል ሕግ ለመኪና አምራቾች አንድ ጥቅም ሰጥቶ ነበር። ኢ85 መጠጣት የሚችል መኪና ከሠራህ፣ ባለቤቱ አንድም ቀን ባይቀዳበት እንኳ፣ የመኪናው ማይሌጅ በወረቀት ላይ ከፍ ብሎ ይቆጠርልሃል። አማካያቸውን የሚያበላሹባቸው ደግሞ ትልልቆቹ መኪኖች ናቸው። ስለዚህ ፍሌክሱን ለሰበርባንና ለፒክአፕ አደሉት። ጥቅሙ እየቀነሰ ሲመጣ ፍሌክስ መኪናም እየቀነሰ መጣ። ያ ቢጫ ክዳን ለእኔና ለእናንተ ኪስ ተብሎ የተሠራ አይደለም።

ትልቅ መኪና የምንነዳ ሰዎች ይበልጥ የምንታለለውም በዚህ ነው። ማደያ ስንደርስ የምንከፍለው ብዙ ስለሆነ፣ ቅናሹም ትልቅ ሆኖ ይታየናል። ኪሳራው ግን እንደዚያው ትልቅ ነው። በጋሎን 30 ማይል የምትሄድ ትንሽ ፍሌክስ መኪና በዚሁ ዋጋ ብትሰላ የምትከስረው የእኔን ግማሽ ነው።

ይህን ስል ኢታኖል የትም አይረባም እያልኩ አይደለም። የአገር ሒሳብና የሹፌር ሒሳብ ይለያያል። አሜሪካ በ2005 ሕግ አውጥታ፣ በ2007 አስፍታ፣ ኢታኖል ጋዝ ውስጥ እንዲገባ ያደረገችው ከውጭ የሚገባውን ነዳጅ ለመቀነስና ገበሬዋን ለመደገፍም ነው። ከከተማ ወጣ ስትሉ የምታዩት የበቆሎ ማሳ ምስክር ነው። አገራችንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የፊንጫ ስኳር ፋብሪካን ኢታኖል አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀምራ፣ በ2011 ወደ 10 በመቶ አሳድጋው ነበር። ከሞላሰስ የሚወጣ ነው። ዶላር ለሚያጥራት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሹፌሩም 5 በመቶውን ብዙም አያውቀውም። እኔ የምናገረው ስለ 27 ጋሎን ኢ85ና ስለ አንድ የኤርፖርት ሹፌር ኪስ ነው።

«ኦክቴኑ ከፍተኛ ነው፣ መኪናዋ ትፈጥናለች» ለምትሉም፣ እውነት ነው፣ ኦክቴኑ ከፍ ያለ ነው። ግን ደንበኛ ለፍጥነቱ ጨምሮ ሲከፍል አላየሁም። «ለአየር ንብረት ብዬ ነው» የሚል ወንድም ካለም አልቃወመውም፤ የራሱ ምርጫ ነው። «ለኪሴ ብዬ ነው» አይበል እንጂ።

ታዲያ መቼ ነው የሚያዋጣው? ብራዚል ውስጥ ሹፌሩ ሁሉ አንድ ደንብ ያውቃል፦ ኢታኖሉ ከጋዙ ዋጋ ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ቅዳ፣ ካልሆነ ተው። እነሱ የሚቀዱት ከሞላ ጎደል ንጹሕ ኢታኖል ነው። ለእኛ ኢ85 75 በመቶን ያዙ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከመደበኛው ዋጋ ላይ ሩቡን ቀንሱ። ጋዝ 3 ዶላር ከ20 ከሆነ ሩቡ 80 ሳንቲም ነው። ኢ85 ከ2 ዶላር ከ40 በታች ካልሆነ እለፉት። በ2022 የመከርኳችሁ ምክር በዚያ ቀን ትክክል ነበር፤ ኢ85 ከጋዙ 71 በመቶ ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ዋጋው ተቀየረ፣ እኔ አልተቀየርኩም። ጥፋቴ ይሄ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፍሌክስ ያልሆነ መኪና ላይ ኢ85 እንዳትቀዱ። አንድ ጓደኛችን እኔን ሰምቶ ሚኒቫኑ ላይ ሞላና የሞተሩ መብራት በርቶ፣ መኪናው እየተንዘፈዘፈ መካኒክ ቤት ገባ። ክዳኑንና የመኪናውን መጽሐፍ ሳታዩ እጀታውን አትንኩ። ለእሱ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ የመካኒኩንም ግማሹን ከፍያለሁ።

ለእናንተም ይቅርታ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ዝም ብል፣ በየሳምንቱ 21 ዶላር ከኪሳችሁ ሲወጣ ተባባሪ ነበርኩ። የእኔ ቁጥር ግን የእኔ መኪና ቁጥር ነው፤ የሌሎቻችሁ ይለያያል። ሁለት ሁለት ታንከር በደብተር ለኩና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሰብስቤ በመኪና ዓይነት አወጣዋለሁ።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀጣዩ ቡና በእኔ ነው።

ቸር እንሰንብት።